ባሕር ዳር 310፣ ጎንደር 140፦ የትኛው የቧንቧ ውሃ ይሻላል?

ጥያቄው፦ «በሥራ ዝውውር ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር መጥተን አዘዞ ተከራይተናል። የሰባት ወር ልጅ አለችን። ባሕር ዳር ማንቆርቆሪያችን ውስጡን ነጭ ቅርፊት ይይዝ ነበር፤ እዚህ አይይዝም። ቲዲኤስ ሜትር ገዝተን የባሕር ዳሩን ከመምጣታችን በፊት ስንለካው 310፣ የጎንደሩን ስንለካው 140 አሳየን። ባለቤቴ ‹እንግዲህ የጎንደሩ ይሻላል› ብሎ ደመደመ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም፤ እዚህ ውሃ በስምንት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣም መጀመሪያ ደፍርሶ ክሎሪን ክሎሪን እየሸተተ ይወርዳል። ሮቶ ሞልተን እስከሚቀጥለው ፈረቃ እሱን እንጠቀማለን። የቱ ከተማ ውሃ ነው የሚሻለው? ለልጄስ ምን ላድርግ?»

መልስ፦

ባለቤትዎ ያነበቡት ቁጥር ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን ከቁጥሩ አይወጣም። ቲዲኤስ ሜትር የሚነግረን ውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው መጠን ብቻ ነው። እሱንም በቀጥታ አይለካም፤ ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ይለካና በ0.5 ወይም በ0.7 አባዝቶ ያሳያል። አንዱ ሜትር 155 ያለውን ውሃ ሌላው 217 የሚለው ለዚህ ነው። እርስዎ ሁለቱንም በአንድ ሜትር ስለለኩ በዚህ በኩል ችግር የለም። ነገር ግን የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ ለሟሟ ጨው ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1,000 ሚሊግራም ነው። 310ም 140ም ከጣሪያው እጅግ በታች ናቸው፤ በጤና በኩል አንዱን ከሌላው የሚያስመርጥ ነገር የላቸውም።

ሜትሩ የማያየውን ነገር ማወቅ ይበልጣል። 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ የያዘ ጀሪካን ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሽንት ቤት ፍሳሽ ቢገባ፣ በእያንዳንዱ ብርጭቆ ውስጥ ሕፃን ሆስፒታል ለማስገባት የሚበቃ ጀርም ሊኖር ይችላል። የሜትሩ ቁጥር ግን ንቅንቅ አይልም። ጀርም ጨው አይደለም፤ ጭቃም ጨው አይደለም፤ ቀሪ ክሎሪንም በዚህ መሣሪያ ተለይቶ አይታወቅም። ስለዚህ ሜትሩን አይጣሉት፤ የውሃ ምንጭ ሲቀየር ለማወቅ ይጠቅማል። ደህንነትን ግን አይጠይቁት።

አሁን ወደ ሁለቱ ከተሞች። ባሕር ዳር ጣና ዳር ስለተቀመጠች ብዙ ሰው ቧንቧዋ ከሐይቁ የሚቀዳ ይመስለዋል። ለረጅም ዘመን የከተማዋ ዋና የቧንቧ ውሃ የመጣው ግን ከአረቄና ከሎሚ ምንጮች እንዲሁም ከጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ይህ ውሃ በጥቁር ድንጋዩ ስንጥቆች ውስጥ ቀስ እያለ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይወጣል። ቁጥሩን 310 ያደረገውም፣ ማንቆርቆሪያዎን ያነጣውም ይኸው ነው። ሲፈላ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ማዕድን ወደ ኖራነት ተለውጦ ግድግዳው ላይ ይጋገራል። ጤና አይጎዳም። ሳሙና ያባክናል፣ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ያዘገያል፤ ግማሽ ኩባያ አቼቶ በውሃ ሞልቶ አፍልቶ አንድ ሰዓት ቢያስቀምጡት ቅርፊቱ በራሱ ይነሣል።

ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። የቧንቧ ውሃዋ የቆየ መሠረት የአንገረብ ግድብ ሲሆን ከጉድጓዶች የሚመጣ ውሃም ይታከልበታል። የግድብ ውሃ በአብዛኛው በመሬት ላይ ሮጦ የመጣ ዝናብ ነው። ከድንጋይ ጋር ብዙ ስላልቆየ ኖራው ትንሽ ነው፤ 140ው ከዚህ ነው። በምትኩ የሚያመጣው አፈር፣ የበሰበሰ ቅጠልና ከከብትም ከሰውም የታጠበ ቆሻሻ ነው። ከአንገረብ ዙሪያ ካለው ተዳፋት እየተጠረገ የሚገባው ደለል የግድቡን መያዣ እየበላው መምጣቱ የታወቀ ችግር ነው። ይህን ውሃ ለመጠጥ ማብቃት አድካሚ ሥራ ነው፦ አሉሚኒየም ሰልፌት ተጨምሮ ጭቃው ይረጋል፣ በአሸዋ ይጣራል፣ ከዚያ ክሎሪን ይገባበታል። ከእነዚህ አንዱ ከተስተጓጎለ ቧንቧው ላይ ይታወቃል። የባሕር ዳሩ ምንጭ ግን ከመሬት ሲወጣ ጥርት ያለ ስለሆነ ዋናው ሥራ ክሎሪን መጨመር ነው። ክረምት ላይ አንዳንድ ምንጭ መደፍረሱ አይቀርም፤ ቢሆንም የጥሬ ውሃው ብልጫ የባሕር ዳር ነው። ይህንን ያለማመንታት መናገር ይቻላል።

ግን እርስዎ የሚጠጡት ጥሬውን ውሃ አይደለም። የሚጠጡት ከስምንት ቀን በፊት የመጣውን፣ ባዶ ቧንቧ ውስጥ አልፎ ሮቶ ውስጥ የከረመውን ውሃ ነው። በሽታን በተመለከተ ከምንጩ ይልቅ የሚወስነው ይህ የመጨረሻው ጉዞ ነው፤ የከተሞች ንጽጽር ሁልጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

መስመሩ ውሃ ሞልቶ ግፊት ሲኖረው በስንጥቁ ውሃ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ምንም ነገር ወደ ውስጥ አይገባም። ፈረቃው አልቆ መስመሩ ሲራቆት ነገሩ ይገለበጣል። በተለይ ከፍ ባለ ቦታና ዝቅ ባለ ቦታ መካከል ውሃው ወደ ታች ሲሸሽ ቧንቧው ባዶ ሆኖ ወደ ውስጥ ይስባል። አጠገቡ ቦይ ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድ ካለ ከዚያው ይጠጣል። ከመስመሩ በቀጥታ በፓምፕ የሚስብ ጎረቤት ካለ ደግሞ ይብሳል። ከዚያ ፈረቃው ሲደርስ የሚመጣው ውሃ የሰበሰበውን ሁሉ፣ በቧንቧው ግድግዳ ላይ የነበረውን ዝገትና ዝቃጭ ጭምር፣ ገፍቶ ቤትዎ ያገባዋል። «መጀመሪያ ደፍርሶ ይወርዳል» ያሉት ይኸ ነው። ባሕር ዳር ሰፈርዎ ውሃ ሳይቋረጥ ይመጣ ከነበረ ልዩነቱ የከተማዋ ሳይሆን የግፊቱ ነው። እዚያም በፈረቃ የሚያገኝ ሰፈር ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል።

ስለዚህ ውሃ የመጣ ቀን የመጀመሪያውን ወደ ሮቶ አያስገቡ። ወደ ሮቶ የሚወስደውን ጌት ቫልቭ ዘግተው የግቢውን ቧንቧ ይክፈቱ። ውሃውን በነጭ ሳህን ይቀበሉ፤ ሳህኑ ከታች ያለው አበባው ወይም ጽሑፉ ጥርት ብሎ እስኪታይ ድረስ የሚወርደውን በባልዲ ይያዙት፤ ለሽንት ቤትና ለወለል ይሆናል፣ አይባክንም። ከዚያ በኋላ ሮቶውን ይክፈቱ። በዓይን ጥርት ማለት ግን የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም። የሰው ዓይን ድፍርስነትን የሚያየው ከ4 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) ገደማ ጀምሮ ነው፤ ክሎሪን በደንብ እንዲሠራ ደግሞ ውሃው ከ1 ኤንቲዩ በታች ቢሆን ይመረጣል። በመካከሉ ያለውን በመሣሪያ ካልሆነ አናውቀውም። የኢትዮጵያው ደረጃ የሚፈቅደው እስከ 5 ነው።

ቀለሙም ይናገራል። ሲቀዳ ቡናማ ሆኖ ባልዲ ሥር አፈር ካስቀመጠ ጭቃ ነው። ሲቀዳ ጥርት ብሎ ከሰዓታት በኋላ ወደ ሻይ መልክ ከተለወጠ ብረት አለበት ማለት ነው፤ ይህ ከጉድጓድ ውሃ ወይም ካረጀ የብረት ቧንቧ ይመጣል። ማረጋገጫው እቤት ነው፦ የተጠረጠረውን ውሃ አፍልተው ሻይ ቅጠል ይጨምሩበት። ብረት የበዛበት ውሃ ሻዩን ቀይ አያደርገውም፤ እንደ መጻፊያ ቀለም ያጠቁረዋል። ነጭ ነጠላ ላይ ቢጫ ነጥብ የሚተወውም እሱ ነው። ይህ ጣዕምና ልብስ ያበላሻል እንጂ ተቅማጥ አያመጣም።

ስለ ክሎሪኑ ሽታ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያስበው። ሽታው ሁልጊዜ ክሎሪን በዛ ማለት አይደለም። ክሎሪን ከቆሻሻና ከአሞኒያ ጋር ሲጣበቅ የሚፈጠረው ውሁድ ከንጹሕ ክሎሪን ይልቅ አፍንጫ ይወጋል፤ በዚያን ጊዜ ጀርም የሚገድለው ነፃ ክሎሪን አልቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአፍንጫ አይፍረዱ። ዲፒዲ ቁጥር 1 የሚባለውን ክኒንና የቀለም ማነጻጸሪያውን ይግዙ፤ ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠው ዓይነት ይሆናል። 10 ሚሊሊትር ውሃ ላይ ክኒኑን አሟሙተው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሮዝ ቀለሙን ያነጻጽሩ። ቢጫ ቀለም የሚሰጠው መለኪያ ግን የተጣበቀውንም ነፃውንም ደምሮ ስለሚያሳይ አይሆንዎትም። ቧንቧው ላይ ቢያንስ 0.2፣ ቢቻል 0.5 ሚሊግራም በሊትር ማግኘት አለብዎት።

ይህንኑ መለኪያ ውሃ በመጣበት ቀን፣ በሁለተኛው፣ በአራተኛው፣ በስምንተኛው ቀን ከሮቶው መውጫ ይድገሙት። ቁጥሩ እየወረደ ዜሮ ሲሆን ያዩታል፤ ሮቶው ፀሐይ ላይ ከሆነና ሥሩ ደለል ካለው ቶሎ ይወርዳል። የመጀመሪያው ቀን ክሎሪን ስድስተኛውን ቀን አይጠብቅም። ከዚህ በኋላ ያለው ውሃ ጥበቃ የሌለው ነው፤ አንድ የቆሸሸ ጣሳ ቢገባበት የሚከላከልለት የለም።

ሁለቱን ከተሞች በእርግጥ ለማወዳደር ከፈለጉ እንዲህ ያድርጉ። ባሕር ዳር የቀረ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይኖራልና ከእሱ ጋር ይነጋገሩ። በሁለቱም ቤት ሦስት ቦታ ይለካ፦ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ፣ ከሮቶው መውጫና ከሚጠጣበት ዕቃ። በሦስቱም ቦታ ድፍርስነት፣ ነፃ ክሎሪን እና ኢ. ኮላይ (ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚጠቁም ባክቴሪያ) ይታይ። ኖራ፣ ናይትሬትና ብረት ከቆጣሪው አጠገብ ብቻ አንዴ ቢታይ ይበቃል። ሰዓቱ ለየቅል እንዳይሆን፤ አንዱ የፈረቃ መጀመሪያ፣ ሌላው የፈረቃ መጨረሻ ከሆነ ያወዳደሩት ሰዓቱን ነው። ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ ይደገም፣ አንዴ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ፣ አንዴ በሐምሌ ወይም በነሐሴ። በአንድ ወቅት ብቻ የተወሰደ ናሙና የአንገረብን ውሃ ወይ ያለ አግባብ ያስመሰግነዋል፣ ወይ ያለ አግባብ ያስወግዘዋል።

ለጀርም ምርመራ ጠርሙሱን ከላብራቶሪው ይውሰዱ፤ በራስዎ ሃይላንድ አይቅዱ። የላብራቶሪው ጠርሙስ ከጀርም የጸዳ ሲሆን ውስጡ ሶዲየም ታዮሰልፌት ተጨምሮበታል፤ ስለዚህ ከመቅዳትዎ በፊት አያለቅልቁት። ታዮሰልፌቱ ክሎሪኑን እዚያው ያጠፋዋል። ያለዚያ ክሎሪኑ መንገድ ላይ ጀርም መግደሉን ይቀጥልና ቧንቧዎ የሌለውን ንጽሕና ያገኛል። የቧንቧውን አፍ በአልኮል ጠርገው ወይም በእሳት ለብልበው (ፕላስቲክ ካልሆነ) ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ያፍስሱ፤ ከዚያ የክዳኑን ውስጥ ሳይነኩ ይቅዱ። በበረዶ ሳጥን ይዘው በ6 ሰዓት ውስጥ ያድርሱ። ከባሕር ዳር ጎንደር መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ጠዋት መድረስ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ የባሕር ዳሩን እዚያው፣ የጎንደሩን እዚህ በተመሳሳይ ዘዴ ማስመርመር ይመረጣል። በ100 ሚሊሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ ዜሮ መሆን አለበት። ጎንደር በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት ሳኒታሪያን ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት፤ ይህን ሥራ የሚያውቅ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ፈልጎ ማግኘት እዚህ አያስቸግርም።

ናይትሬት ሲመረመር ጣሪያው በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ የተቀመጠውም በዋናነት በጡጦ ወተት ለሚያድጉ ሕፃናት ነው፤ የሕፃኑ ደም ኦክስጅን መሸከም እንዳይሳነው። በሽንት ቤት የተጨናነቀ ሰፈር ውስጥ ያለ ጥልቀት የሌለው የግቢ ጉድጓድ በየትኛውም ከተማ ለዚህ ይጠረጠራል። ማፍላት ናይትሬትን አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይጨምረዋል። የጥርስ ማበለዝ የሚያመጣው ፍሎራይድ ግን በዋናነት የስምጥ ሸለቆ፣ የዝዋይና የወንጂ አካባቢ ችግር ነው፤ ሁለቱ ከተሞች ከዚያ ውጭ ናቸው።

ወደ ልጅዎ እንምጣ። የመጠጡን ውሃ ከሮቶው ይለዩት። ውሃ በመጣ ቀን፣ ድፍርሱ ካለፈ በኋላ፣ ለመጠጥና ለልጅቷ ምግብ ብቻ የሚሆን ከቧንቧው በቀጥታ ወደ ጀሪካን ይቅዱ። ጀሪካኑ ዘይት ወይም ኬሚካል ይዞ የማያውቅ ይሁን። ውስጡ የሚያሟልጭ ከሆነ አንድ እፍኝ ደቃቅ ጠጠርና ኦሞ ከትንሽ ውሃ ጋር ከትተው በደንብ ያንቀርቅቡት፤ ብሩሽ የማይደርስበትን ጥግ ጠጠሩ ይፍቀዋል።

ከዚያ ክሎሪን ያድርጉ። ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ካገኙ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ይጠቀሙ። ከሌለ፣ 5 በመቶ ተብሎ የተጻፈበትና ሽቶ የሌለው በረኪና በ2 ሚሊሊትር ስሪንጅ ለክተው ለ20 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ 0.8 ሚሊሊትር ይጨምሩ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 5 በመቶ ማለት በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ 50 ሚሊግራም ነው፤ በሊትር 2 ሚሊግራም ለማግኘት ለ20 ሊትር 40 ያስፈልጋል። ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ ያስረጉት፣ በአራት በታጠፈ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ያጥልሉት፣ ከዚያ 1.6 ሚሊሊትር ያድርጉ። በደንብ ነቅንቀው 30 ደቂቃ ይጠብቁና በዲፒዲ ይለኩ፤ ከ2 እንዳይበልጥ፣ በማግሥቱም ከ0.2 እንዳያንስ። በ30 ደቂቃው ዜሮ ከሆነ ውሃው ክሎሪኑን በልቶታልና መጠኑን ይድገሙት። ጥንካሬውና ቀኑ ያልተጻፈበት፣ በየሱቁ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ በረኪና ለመጠጥ አይሁን፤ በሙቀትና በብርሃን ስለሚደክም ምን ያህል እንደቀረው መገመት አይቻልም። በስምንት ቀኑ መሀል ክሎሪኑ ማለቁ ስለማይቀር ሁሉንም ጀሪካን በአንድ ቀን አያክሙ፤ የሚከፍቱትን ብቻ በተራ ያክሙ።

የልጅቷ ውሃ ከዚህም በላይ መፍላት አለበት። የግድብ ውሃ ውስጥ ክሎሪንን የሚቋቋሙ እንደ ክሪፕቶስፖሪዲየም ያሉ ጥገኛ ተሕዋስያን ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነሱን እሳት ይጨርሳቸዋል። እዚህ ላይ የሁለቱ ከተሞች ከፍታ ይለያያል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ ሦስት ደቂቃ ይላል፤ የጎንደር መሀል ከተማ ከዚያ በላይ ነው፣ ውሃውም በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አዘዞ ዝቅ ስለምትል ወሰኑ ጥግ ላይ ናት፤ ሦስቱን ደቂቃ ይያዙ። ሲንተከተክ በራሱ የሚጠፋ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ስለማይቆይ በድስት ያፍሉ። የዱቄት ወተት የምትጠጣ ከሆነ ውሃው ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ዱቄቱን ይበጥብጡና አቀዝቅዘው ይስጡ፤ ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ሙቀቱ ያስፈልገዋል። የፈላው ውሃ ሽፋን ባለው ፔርሙዝ ወይም ቧንቧ ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ በጣሳ አይጠለቅ።

ሮቶው በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ፣ ይታጠብ። የተለመደው ምክር ሮቶውን ሞልቶ በአንድ ሊትር በረኪና ማሳደር ነው፤ ውሃ በስምንት ቀን ለሚመጣበት ቤት ግን አንድ ሺህ ሊትር መድፋት የማይታሰብ ነው። ይልቅ ፈረቃው ሊደርስ ሲል ሮቶው ባዶ ሲሆን መውጫው ከሥሩ ትንሽ ከፍ ስለሚል የቀረውን ደለል ጠርገው ያውጡ። ግድግዳውን በለስላሳ ብሩሽ ይሹት፤ የብረት ብሩሽ ይጭረዋል፣ ጭረቱ ላይም ዝቃጭ ይይዛል። በ10 ሊትር ውሃ 40 ሚሊሊትር በረኪና ጨምረው ግድግዳውን በሙሉ ያርሱት፤ 30 ደቂቃ ሳይደርቅ ቆይቶ በትንሽ ውሃ ይለቅለቅ። ሠራተኛው ውስጥ አይግባ፤ አቼቶም ሎሚም አብሮ አይጨመር፣ ከበረኪና ጋር መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ።

አንድ ነገር አይግዙ፦ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለውን ማጣሪያ። ሻጩ በዚያው በቲዲኤስ ሜትር 140ውን ወደ 10 አውርዶ ያሳይዎታል። የሚያወርደው የማይጎዳዎትን ጨው ነው። ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ብዙ ጊዜ ሦስት ሊትር ያህል ወደ ፍሳሽ ይጥላል፤ በዚህ ፈረቃ ያንን ውሃ ከየት ያመጣሉ? ገንዘቡን ለዲፒዲ ክኒን፣ ለሁለት አዲስ ጀሪካንና ለአንድ የላብራቶሪ ምርመራ ያውሉት። ሴራሚክ ማጣሪያ ቢኖርዎ ጥሩ ነው፣ ጭቃና አብዛኛውን ባክቴሪያ ይይዛል፤ ቫይረስ ግን ያመልጠዋልና ከክሎሪን ወይም ከማፍላት አያድንም። ሻማው (ውሃው የሚያልፍበት የሴራሚክ ክፍል) ከተሰነጠቀ ደግሞ እንደሌለ ነው።

በሁለት ተከታታይ ፈረቃ፣ ድፍርሱ ካለፈ በኋላ፣ ከቆጣሪው አጠገብ ያለው ቧንቧ ላይ ዲፒዲው ዜሮ ካሳየ ችግሩ ከግቢዎ ውጭ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተለካበትን ቧንቧና ቁጥሩን ጽፈው ለውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ቅርንጫፉ ያስገቡ፤ ጎረቤትም በዚያው ቀን ለክቶ ቢጨምርበት ስብራቱ የት መስመር ላይ እንዳለ ለመፈለግ ይረዳቸዋል። እስኪስተካከል ድረስ ለ20 ሊትሩ 1.6 ሚሊሊትሩን ይጠቀሙ።